ለጨጓራ ናሙና የጡት ምርመራ ለምን ይታዘዛል? ስለ ሆርሞን ተቀባዮች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ፓቶሎጂስት ነኝ። ሐኪሞች ቆርጠው የሚልኩትን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቼ ምንነቱን እናገራለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ሰሞኑን አንድ ወንድማችን «እናቴ ጨጓራዋን ታማ ባዮፕሲ ተወሰደ፤ ሐኪሙ ደግሞ የኤስትሮጅን ተቀባይ ይታይ ብሎ አዘዘ፤ ተሳስቶ ይሆን?» ብሎ ጠይቆ ብዙ ሰው ተጨነቀ። አልተሳሳተም። ዛሬ ማታ ተረኛ አይደለሁም፤ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁና ጠይቁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ከሥሩ እንጀምር። የሆርሞን ተቀባይ ምንድን ነው? ጨጓራ ውስጥስ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ሆርሞን በደም የሚዞር መልእክት ነው። ተቀባዩ ደግሞ ያንን መልእክት የሚያነብ ፕሮቲን ነው። ተቀባይ የሌለው ሴል ሆርሞኑ በደጁ ቢያልፍም አይሰማም። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴቶች ሆርሞን ሁለት ዋና ተቀባዮች አሉት፤ አልፋ እና ቤታ። ቤታው የታወቀው ዘግይቶ፣ በ1996 ስዊድን ውስጥ ነው። የጡት ካንሰር ውጤት ላይ «ኢአር ፖዘቲቭ» ሲባል የሚወራው ስለ አልፋው ነው። ጨጓራ ላይ በብዛት የሚገኘው ግን ቤታው ነው። አልፋው እዚያ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይታይም። ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣው ሁለቱን አንድ አድርጎ ከመቁጠር ነው።

ጥያቄ፦ የጨጓራ ካንሰር ወንዶችን ይበልጥ ያጠቃል ሲባል እሰማለሁ። ሲጋራና መጠጥ ስለሚያበዙ አይደለም?

መልስ፦ እሱም አለበት፤ ግን ሁሉንም አይገልጸውም። በዓለም ዙሪያ በሽታው ወንዶች ላይ በሴቶች ካለው እጥፍ ገደማ ነው። ሲጋራው ተቀንሶ ሲሰላም ልዩነቱ ይቀራል። ደግሞ ዕድሜውን ተመልከቱ። ሴቶች ወንዶቹ የደረሱበት ቁጥር ላይ የሚደርሱት ከ10 እስከ 15 ዓመት ዘግይተው ነው። ካረጡ በኋላ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል። ሰውን ወደ ኤስትሮጅን እንዲያይ ያደረገው ይህ ነው።

ስዊድን ውስጥ አንድ ቆንጆ አጋጣሚ ነበር። የፕሮስቴት ካንሰር የያዛቸው ወንዶች በድሮው ሕክምና ኤስትሮጅን ይሰጣቸው ነበር። በ2004 የወጣ ጥናት መዝገባቸውን አገላብጦ ሲያይ የጨጓራ ካንሰር እነሱ ላይ ከሚጠበቀው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አይጦች ላይም ተሞክሯል። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የተሰጣቸው ወንድ አይጦች ከሴቶቹ ቀድመው ካንሰር ይይዛቸዋል፤ ኤስትሮጅን ሲጨመርላቸው ግን ቁስለቱ ይቀንሳል።

አሁን «ግን» ልበል። የጨጓራ ካንሰር አንድ ዓይነት አይደለም። ፊንላንዳዊው ላውረን በ1965 ለሁለት ከፍሎታል። አንዱ የአንጀት ሽፋን መስሎ እጢ እየሠራ የሚያድግ ነው፤ የወንዶቹ ብልጫ በዋናነት እዚህ ነው። ሌላው ሴሎቹ ተበታትነው ግድግዳው ውስጥ የሚሰርጉበት ነው። ይኼኛው ወጣት ሴቶችንም ይይዛል፣ እጥፍ የሚባለው ነገር እሱ ላይ አይሠራም። ስለዚህ «ኤስትሮጅን ጨጓራን ይጠብቃል» ብሎ መደምደም ግማሹን ታሪክ መዝለል ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ካረጥን በኋላ ኤስትሮጅን ብንወስድስ?

መልስ፦ ለጨጓራ ተብሎ? በፍጹም። የደም መርጋት ሥጋት አለው፣ የማህፀንና የጡት ካንሰር ሥጋትም አለ። ጨጓራሽ ካሳሰበሽ እህቴ፣ ኤች ፓይሎሪን ተመርመሪ፤ ከተገኘም መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ጨርሺ። የዓለም ካንሰር ተመራማሪዎች ባክቴሪያውን ከ1994 ጀምሮ የካንሰር መንስኤ ብለው መዝግበውታል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ያ ጥያቄ የእኔ ነበር። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የግራ ጡቷ ተቆርጧል። አሁን የጨጓራዋ ግድግዳ ወፍሯል ተባለ፤ ባዮፕሲው ላይ «ቀለበት መሰል ሴሎች» ይላል። የጡት ምርመራ ምን ያደርግላታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ ሐኪም የሚመሰገን ነው። ምን እንደምናደርግ ላሳይህ።

ናሙናው ፓራፊን ሰም ውስጥ ተቀብሮ ይመጣል። ከሰሙ 4 ማይክሮን ያህል የሚሳሳ ሽንሽን ይቆረጣል፤ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ። ብርጭቆ ላይ ተለጥፎ በፀረ እንግዳ አካል ይነከራል፣ ከዚያ ቀለም ይጨመርበታል። ተቀባዩ ካለ የሴሉ አስኳል ቡና ዓይነት ይሆናል። ከሌለ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። አልፎ አልፎ እንዲህ ይሆናል፦ ሙሉ የጨጓራ ሽፋን ሰማያዊ ነው፤ ከሥሩ ግን በነጠላ ሰልፍ የቆሙ ቡናማ ነጥቦች ይታያሉ። ሲያዩት ልብ ይደነግጣል። የጨጓራው ልጆች አይደሉም፤ እንግዶች ናቸው።

ሎቡላር የሚባል የጡት ካንሰር አለ። ከዓመታት በኋላ ተነሥቶ ጨጓራ ውስጥ መግባት ይችላል። ሲገባ ግድግዳውን ያወፍራል፣ ሴሎቹም ቀለበት ይመስላሉ። በኢንዶስኮፒም በማይክሮስኮፕም ከጨጓራ ካንሰር ጋር መንታ ነው። ሁለቱ በዘርም ይዛመዳሉ። ሲዲኤች1 የሚባለው ጂን ሲበላሽ የተበታተነውን የጨጓራ ካንሰርም ሎቡላሩን የጡት ካንሰርም ያመጣል። ለጨጓራው መንስኤ መሆኑ በ1998 የታወቀው በኒውዚላንድ የማኦሪ ቤተሰብ ላይ ነው።

ሕክምናው ግን የተለያየ ነው። ከጨጓራ የተነሣ ከሆነ ቀዶ ሕክምናና ኬሞ ይታሰባል። ከጡት የመጣ ከሆነ ጨጓራን ማውጣት ብዙ ጊዜ አይጠቅምም፤ ሆርሞን የሚያግድ ኪኒን ዋናው መንገድ ሊሆን ይችላል። አንዲት ቀለም ሆድ መከፈትን ታስቀራለች ማለት ነው።

የኤስትሮጅን ተቀባይ ብቻውን ግን አይበቃም። አንዳንድ የጨጓራ ካንሰሮችም ትንሽ ቡናማ ያሳያሉ። ጋታ-3 የሚባል፣ ወደ ጡት የሚጠቁም ሌላ ምልክትም አብሮ ይታይ። የድሮውን የጡት ውጤት ፈልግልኝ፣ «ሎቡላር» ይል እንደሆን።

ጥያቄ፦ ለጡት ካንሰር የታዘዘልኝን ታሞክሲፌን እወስዳለሁ። የጨጓራ ካንሰር ያመጣል የሚል አነበብኩ። ላቁመው?

መልስ፦ እባክሽ አታቁሚ። አዎ፣ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በሚወስዱት ሴቶች ላይ ጥቂት ከፍ ያለ ቁጥር አሳይተዋል። በሌላ በኩል አይጦች ላይ ታሞክሲፌን ራሱ ጨጓራን ከካንሰር ጠብቋል። ታሞክሲፌን ባለ ሁለት ፊት ነው፤ ጡት ላይ ተቀባዩን ይዘጋል፣ ማህፀን ላይ ይከፍታል። ጡትሽ ላይ የሚሠራው ሥራ ከዚያች ሥጋት እጅግ ይበልጣል። ያልተለመደ የደም መፍሰስ ካየሽ ግን ለሐኪምሽ ቶሎ ንገሪ፤ እሱ የማህፀን ጉዳይ ነው። ለጨጓራ ካንሰር ሕክምናነትም ተሞክሮ ነበር፤ አልሆነም። ተቀባይ መኖሩ ብቻውን ካንሰሩ በእሱ ይኖራል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ኸር-ቱስ? እሱም ሆርሞን ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም፤ ጡት ላይ አብረው ስለሚጻፉ ሰው ያደባልቃቸዋል። ኸር-ቱ ሴሉ ወለል ላይ የተተከለ የዕድገት ተቀባይ ነው፣ የሆርሞን አይደለም። ጨጓራ ላይ ግን ከኤስትሮጅኑ ይልቅ ሥራ ያለው እሱ ነው። ከ5 ወይም 6 የጨጓራ ካንሰር አንዱ ገደማ ላይ በዝቶ ይገኛል። በ2010 ቶጋ የተባለው ጥናት ኬሞ ላይ ትራስቱዙማብ የሚባለው ኸር-ቱን የሚያግድ መድኃኒት ሲጨመር መካከለኛው የመኖር ዕድሜ ከ11.1 ወደ 13.8 ወር ከፍ ማለቱን አሳየ። ትንሽ ይመስላል። ለቤተሰቡ ግን ትንሽ አይደለም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ኸር-ቱ ጨጓራ ላይ እንደ ዥጉርጉር ልብስ ነው፤ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ቁራጭ ናሙና ይወሰድ። በአንድ ቁራጭ «ኔጌቲቭ» ከተባላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል መውሰድ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ጋስትሪን የሚባል ሆርሞን ይጨምራል አሉኝ።

መልስ፦ ይጨምራል። አሲድ ሲቀንስ ጨጓራ ጋስትሪንን አብዝቶ ይጠራል። ጋስትሪን ሴሎችን የሚያባዛ ሆርሞን ነው፣ የራሱም ተቀባይ አለው። በይበልጥ የሚታየው ሰውነት የራሱን የጨጓራ ሽፋን ሲያጠቃ ነው፤ ቢ12 የሚያጥራቸው ሰዎች ላይ። እነዚህ ሰዎች ኒውሮኢንዶክራይን የሚባሉ ትናንሽ እብጠቶች ያወጣሉ። አብዛኞቹ ዝግተኛ ናቸው፣ በኢንዶስኮፒ ይነሣሉ። ያንተ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስድስት ዓመት የቆየህበትን ምክንያት ሐኪምህን ጠይቅ፤ ምክንያቱ ካለ ቀጥል፣ ከሌለ በእሱ ምክር ቀስ እያልክ ቀንስ።

እግረ መንገዴን፦ ጨጓራ ላይ የሆርሞን ተቀባይ ለመድኃኒት እውነተኛ መያዣ የሆነው በእነዚሁ እብጠቶች ነው። ብዙዎቹ ሶማቶስታቲን የሚባል ሆርሞን ተቀባይ አላቸው። ኦክትሪዮታይድ የሚባለው መድኃኒት የሚይዘው እሱን ነው። ከ2018 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ባለ ጨረር መድኃኒትም በዚያው በር ይገባል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እኔ ነኝ፣ የእናትየው ልጅ። ሣጥን ውስጥ የድሮውን ወረቀት አገኘን። «ኢንቬሲቭ ሎቡላር» ይላል። ኢአርም ፖዘቲቭ።

መልስ፦ ወረቀቱን ፎቶ አንሥተህ አትቀመጥ፤ ዋናውን ይዘህ ነገ ጠዋት ናሙናውን ለያዘው ፓቶሎጂስት ስጠው። የድሮው የጡት ብሎክ (ሰም ውስጥ የተቀበረው ናሙና) የተቀመጠበት ቦታ ከታወቀም ይውጣ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይታዩ። ቀዶ ሕክምናው ቀን ተቆርጦለት ከሆነም ይህ ውጤት እስኪመጣ ይጠብቅ እንደሆን ሐኪሟን ጠይቅ። ነገ ማታ ምን እንዳሉህ እዚሁ ጻፍልኝ።