ባሕር ሳላይ ኮራል ላልማ ወይ ላልሽኝ እህቴ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የብቸና ልጅ ነሽ፣ ባሕር ዳር የሃይድሮሊክ ምሕንድስና 3ኛ ዓመት ላይ ደርሰሻል፣ የተጎዳ የኮራል ሪፍ (ኮራል ባሕር ወለል ላይ የሚሠራውን ድንጋያማ ክምር) መልሶ በማልማት ሥራ መሰማራት ትፈልጊያለሽ። ጓደኞችሽ «ባሕር የሌለው አገር ልጅ ኮራል ምን ያደርግልሻል?» ይሉሻል። ምሕንድስናውን ትቼ ባዮሎጂ ልግባ ወይ ነው ጥያቄሽ።

አትግቢ። የጀመርሽውን ጨርሺ።

ለጓደኞችሽ መልስ ካስፈለገ፣ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ የምታዩት የኖራ ድንጋይ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ የባሕር ወለል ነበር በያቸው። ቀጥለን ወደ ቁም ነገሩ።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ የሚኖር አልጌ፣ ማለትም እንደ ተክል በብርሃን ምግብ የሚሠራ ደቂቅ ፍጥረት አለ፣ የሚቀልበውም እሱ ነው። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌው ይወጣና ኮራሉ ይነጣል፣ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። በፈረንጆቹ 2024 ለ4ኛ ጊዜ ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱ ይፋ ሆኗል። ሙቀቱን ምሕንድስና ብቻውን አያበርደውም፣ ይህን ከአሁኑ እወቂው።

ያንቺ ሙያ የሚፈለገው ሌላ ቦታ ነው። ኢንዶኔዥያ፣ ሱላዌሲ አካባቢ ዓሣ በፈንጂ ሲያሰግሩ ሪፉ ደቆ ኮረት ሆኖ ቀረ። ኮረቱ በማዕበል ወዲያ ወዲህ ስለሚንከባለል አዲስ ኮራል ቢያርፍበትም ተፈጭቶ ይቀራል። ሪፉን መልሰው ሊያለሙ እዚያ የሄዱት ሰዎች ምን አደረጉ? ብረት በስድስት ማዕዘን በየዱ፣ አሸዋ ለበጡበት፣ የኮራል ቁራጭ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰሩበትና ብረቱን እርስ በርስ አያይዘው ኮረቱ ላይ እንደ መረብ ዘረጉት። በ4 ዓመት ውስጥ የተተከለው ሪፍ እድገት ከጤነኛው ጋር ተስተካከለ። ይህ እኮ የሰፈርሽ እርከን ነው! ካቡ አፈሩን ይይዛል፣ ሣሩ ደግሞ ካቡን። ሣር ያልያዘ እርከን ሐምሌ ላይ ምን እንደሚሆን ለብቸና ልጅ አልነግራትም።

የከሸፈውንም አጥኚ፣ እኔ እንዲያውም ከሱ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ለዓሣ ቤት ይሆናል ተብሎ እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርስ አሮጌ ጎማ ባሕር ውስጥ ተጣለ። ማሰሪያው ዛገ፣ ተበጠሰ፣ ጎማው በማዕበል እየተላተመ ጤነኛውን ሪፍ መታው፣ እስከ ዛሬም እየለቀሙት ነው። ስለዚህ አንድ ፕሮጀክት «ይህን ያህል ሺህ ተከልን» ሲልሽ፣ ችግኝ ተከላ ላይ እንደምንጠይቀው፣ ስንቱ ጸደቀ በይ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ጣና አጠገብሽ ነው። የመመረቂያ ጥናትሽን እዚያ ሥሪው። ለምሳሌ ትንሽ የብረት ወይም የኮንክሪት መዋቅር ጥልቀት በሌለው ዳር አስቀምጠሽ ማዕበሉ ሥሩን ስንት እንደሚቦረቡረው ለኪ። ወይም ግልገል አባይ ወደ ሐይቁ የሚያስገባውን ደለል ያዢ፤ ደለል ብርሃን ይከለክላል፣ ኮራልንም ያፍናል፣ ስለዚህ እውቀቱ ባሕር ድረስ ይከተልሻል። በስልክሽ ተደራራቢ ፎቶ እያነሳሽ ባለ ሦስት አውታር (3D) ሞዴል መሥራትም ተለማመጂ፣ ሪፍ አድጓል አላደገም የሚባለው በዚህም ዘዴ ነው። ባዮሎጂውን ከዓሣ ትምህርት ክፍል ሰዎች ጋር ቁጭ ብለሽ ተማሪ፣ ዲግሪ መቀየር አያስፈልገውም። ዋና ካልቻልሽ ግን ዘንድሮውኑ ጀምሪ፣ በዚህ ድርድር የለም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያ ሥራሽ መስኖ ወይም ግድብ ሊሆን ይችላል። ቅር አይበልሽ፣ የውኃ ግንባታ ልምድ ነው። ገንዘብ ስትቆጥቢ ጅቡቲ ሂጂ፣ ሙሻና መስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ሪፍ አለ፣ ሕይወትሽን ከመስጠትሽ በፊት በዓይንሽ እዪው። ለሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ ሳዑዲ፣ ቱዋል ያለውን የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመልከቺ። ቀይ ባሕር ዳር ነው፣ ኮራል ላይ በሰፊው ይሠራል፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ፌሎሺፕ የሚባል የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል። የዘንድሮውን መስፈርት ከድረ ገጹ አረጋግጪ።

የመመረቂያ ርዕስሽን ለአማካሪሽ ከማስገባትሽ በፊት ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።