ሜሪላንድ ውስጥ አክቹዋሪ ለመሆን ለምታስቡ ልጆች

በፋሲካ ማግስት አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ቤቴ መጣች። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ሒሳብ ትወዳለች። እናቷ ነርስ እንድትሆን ይፈልጋሉ። ቡናው ሳይፈላ ጥያቄዋን አወጣችው። «ጋሼ፣ አክቹዋሪ እዚህ ሜሪላንድ ስንት ይከፈለዋል? ሥራውስ ይገኛል?» ያን ቀን እንግዳ በዝቶ በደንብ አልመለስኩላትም። ከ30 ዓመት በላይ የኖርኩበት ሙያ ነውና፣ አሁን ረጋ ብዬ ለእሷም ለእናንተም ልጻፈው።

አክቹዋሪ ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት ከእድር ልጀምር። 300 አባወራ ያለው እድር አለ እንበል። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ 10,000 ዶላር ይሰጣል። በዓመት ሦስት ሰው ከሞተ እያንዳንዱ አባወራ 100 ዶላር ያዋጣል። እድሩ ሲቋቋም አባላቱ የ35 እና የ40 ዓመት ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ብዙዎቹ 70 አልፈዋል፤ አዲስ የገባ ወጣት ጥቂት ነው። በዓመት የሚሞተው ዘጠኝ ሲደርስ መዋጮው 300 ይሆናል። ያኔ ወጣቶቹ ይወጣሉ፣ የቀሩት ላይ ደግሞ ሸክሙ ይብሳል። ይህን ከ20 ዓመት በፊት በቁጥር አይቶ «ከአሁኑ ይህን ያህል እናስቀምጥ» የሚለው ሰው አክቹዋሪ ነው።

ሜሪላንድ ለዚህ ሥራ የታደለች ናት። ከባልቲሞር ወጣ ብላ ዉድላውን የምትባል ሰፈር አለች። የመንግሥት ጡረታ የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። የአረጋውያንን የጤና ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬርን፣ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ሁለቱም የራሳቸው የአክቹዋሪ ቢሮ አላቸው። የሶሻል ሴኩሪቲዎቹ የ75 ዓመት ትንበያ ይሠራሉ፤ ስንት ሰው ይወለዳል፣ ስንት ይሞታል፣ ስንት ስደተኛ ይገባል፣ ደመወዝ በምን ያህል ያድጋል እያሉ። እናቶቻችሁ ከየደመወዛቸው የሚቆረጥባቸው ገንዘብ ነው እዚያ የሚሰላው። ከመንግሥት ውጭ ደግሞ በመኪና ኢንሹራንስ ጋይኮ፣ በጤና ኢንሹራንስ ኬርፈርስት አሉ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዋጋ ሲጨምሩ የሚመረምረው የስቴቱ መሥሪያ ቤትም አክቹዋሪ ይቀጥራል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በ2023 የአሜሪካ አክቹዋሪዎች መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 120,000 ዶላር ነበር። ከላይ ያሉት አሥር በመቶዎቹ ከ200,000 በላይ ያገኛሉ። እኔ በአካባቢያችን እንዳየሁት፣ ሁለት የሙያ ፈተና ያለፈ አዲስ ተመራቂ ከ65 እስከ 80 ሺህ ይጀምራል። ጥሩ ገንዘብ ነው፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲን የቤት ኪራይ ግን አትርሱ። ሥራው ከ2023 እስከ 2033 ባለው ጊዜ 22 በመቶ ያድጋል ተብሎ ተተንብዮአል። መቶኛው እንዳያታልላችሁ። በመላ አገሪቱ ያሉት አክቹዋሪዎች 30,000 ገደማ ነበሩ። ሙያው ትንሽ ነው፤ ለመጀመሪያዋ ወንበር ብዙ ሰው ይጋፋል።

የመንግሥት ሥራን በተመለከተ ድሮ የምመክረውን ዛሬ አልደግመውም። «ፌደራል ከገባህ ጡረታህ ድረስ አለህ» እንል ነበር። በ2025 መጀመሪያ ላይ ቅጥር ቆመ፤ ሶሻል ሴኩሪቲም ሠራተኞቹን ከ57,000 ወደ 50,000 ለማውረድ እንዳሰበ አስታወቀ። በሩ ተዘግቶ ይቀራል ማለቴ አይደለም። ግን ዉድላውንን ብቻ ተስፋ አድርጋችሁ አትቀመጡ። ደግሞም ለፌደራል ሥራ በአብዛኛው ዜግነት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያላችሁ በግል ኩባንያዎቹ ጀምሩ።

አክቹዋሪ ለመሆን የሚታለፈው ፈተና ከባድ ነው። የመጀመሪያው የፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) ፈተና ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ 30 ጥያቄ አለው። በሙያው የሚባለው ለአንድ የፈተና ሰዓት መቶ ሰዓት አጥና ነው፤ ስለዚህ 300 ሰዓት። ከተፈታኙ ግማሽ ያህሉ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን አንድ በአንድ እያለፋችሁ የመጨረሻው ማዕረግ ላይ ለመድረስ ሰባት ወይም አሥር ዓመት ይፈጃል። እኔ ሦስተኛውን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ያገኘሁት ከ10 5 ነበር፤ ማለፊያው 6 ነው። ትልቋ ልጄ ያኔ ጡት ትጠባ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ ከጡጦዋ አጠገብ ካልኩሌተሬን ዘርግቼ እቀመጥ ነበር። ባለቤቴ ልጅቷን ይዛ በባዶ እግሯ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ይሰማኛል። በሦስተኛው ሙከራ አለፍኩ። ውጤቱን ሳይ መጀመሪያ የነገርኩት ለባለቤቴ ነው። ዲግሪ ይዛችሁ፣ ትዳር ይዛችሁ፣ ሌላው ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ሲሄድ እናንተ ታጠናላችሁ። ይህን ከአሁኑ ለቤተሰባችሁ ንገሩ። አብዛኛው አሠሪ የፈተናውን ክፍያ ይችላል፣ የጥናት ሰዓትም ይሰጣል፤ ስትቀጠሩ ጠይቁ።

ሌላ ነገር አለ፣ ከፈተናው ይልቅ ለኛ ልጆች የሚከብድ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለካሳ የሚቀመጠውን ገንዘብ የምናሰላበት ሰንጠረዥ ላይ የአንድ ሩብ ዓመት መረጃ እንዳልገባ አየሁ። አለቃዬ በዕድሜ አባቴን ያክላሉ። በስብሰባው መሃል ቁጥሩን ሲያቀርቡ እኔ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር መሰለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ስህተቱ ወጣ። አለቃዬ ጠርተውኝ «አይተኸው ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኩ። አልተቆጡኝም፤ እስከ ዛሬ ግን ያ ጥያቄ ከጆሮዬ አልጠፋም። በአክብሮት መናገር ይቻላል። «ይቅርታ፣ ይህን ረድፍ አብረን እናየው?» ብትሉ ማንም አይከፋውም። ከቁጥሩ ጀርባ ካሳ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ ወይም ኢኮኖሚክስ ተማሩ። ታውሰን ዩኒቨርሲቲና ሞርጋን ስቴት በዚሁ ዘርፍ ያስተምራሉ። ኤክሴልን፣ ኤስኪውኤልን፣ ፓይተንን የመሳሰሉ የኮምፒውተር መሣሪያዎችን አትናቁ፤ ቀኑን ሙሉ የምትውሉት ከእነሱ ጋር ነው። የጥቁር አክቹዋሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ስኮላርሺፕ ይሰጣል፣ አመልክቱ። ኢንተርንሺፕ (የልምምድ ሥራ) ለማግኘት ከመመረቃችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ፈተና እለፉ።

እናትየውንም በስልክ አነጋገርኳቸው። ነርስነት ክቡር ሙያ መሆኑን፣ ሥራም ቶሎ እንደሚገኝበት አልካድኩም። አንድ ዓመት ብቻ ስጧት፣ የመጀመሪያውን ፈተና ትሞክረው አልኳቸው። እሺ ብለዋል። ልጅቷ ተመዝግባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ አብረን እንቀመጣለን። ያልገባችሁን ጥያቄ ይዛችሁ ኑ፤ ወንበር አለ።