ማይግሬን፣ የሕመም ፈቃድ እና «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ»

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ስሠራ 4 ዓመት ሆኖኛል። ሥር የሰደደ ማይግሬን (እየተመላለሰ የሚነሳ ኃይለኛ ራስ ምታት) እንዳለብኝ ሐኪም ነግሮኛል። በወር 2 ወይም 3 ቀን ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል። የሰው ኃይል ክፍሉ አንዳንዱን ቀን ከዓመት ፈቃዴ ይቀንሳል፣ አንዳንዱን ደግሞ ያለፈቃድ መቅረት ብሎ ይመዘግባል። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። በቃልም «በራስሽ ፈቃድ ብትለቂ ይሻልሻል» ተባልኩ። በዚህ ሕመም ምክንያት ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት የመልቀቂያ ደብዳቤ አይጻፉ፤ ተዘጋጅቶ የቀረበልዎትንም አይፈርሙ። በራስ ፈቃድ የለቀቀ ሠራተኛ «ያለአግባብ ተሰናበትኩ» ብሎ የሚከስበትን በር በገዛ እጁ ይዘጋል። ኋላ ላይ «ተገድጄ ነው የጻፍኩት» ቢሉ የማስረዳቱ ሸክም የእርስዎ ነው፤ በቃል የተባለን ነገር ማስረዳት ደግሞ በጣም ይከብዳል።

ጉዳይዎ ፍርድ ቤት ቢደርስ ክርክሩ የሚያርፈው የቀሩባት እያንዳንዷ ቀን በምን ስም ተመዘገበች በሚለው ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 እንደሚለው፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ከሥራ የቀረ ሠራተኛ ውሉ ያለማስጠንቀቂያ፣ ማለትም የመሰናበቻ ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያውኑ፣ ሊቋረጥ ይችላል። ድርጅቱ ደብዳቤ የሰጠዎት ወደዚህ ለመድረስ ይመስለኛል። ይኸው ድንጋጌ ግን የቀሩበት ቀን በአዋጁ ከተፈቀዱት ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን መሆን እንዳለበት ይጠይቃል። በወር 3 ቀን የሚቀር ሰው በሁለተኛው ወር 5ቱን ቀን ያልፋል፤ ቀኖቹ በሕመም ፈቃድ ከተያዙ ግን ከ5ቱ አንዷም አትቆጠርም።

የሕመም ፈቃድ የሚተዳደረው በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 85 እና 86 ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም መሥራት ሲያቅተው በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ አለው። ሕጉ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ሊወሰድ እንደሚችል በግልጽ ይላል፤ መጥቶ ለሚሄድ ሕመም ትልቁ መከታ ይህ ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፤ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለክፍያ ናቸው። 12 ወሩ መቆጠር የሚጀምረው ከመስከረም ወይም ከበጀት ዓመቱ መግቢያ ሳይሆን ሕመሙ ካስቀረዎት የመጀመሪያ ቀን ነው። ወሩን በ30 ቀን ብናሰላና በወር 3 ቀን ቢቀሩ የዓመቱ ድምር 36 ቀን ይሆናል፤ 30ው በሙሉ ደመወዝ፣ 6ቱ በግማሽ። ከጣሪያው ገና ብዙ ይቀርዎታል። የታመሙበትን ቀን ከዓመት ፈቃድዎ መቀነስም ተገቢ አይደለም። በዓመት ፈቃድ ላይ ሳለ የታመመ ሠራተኛ እንኳ በሕመም ፈቃድ ድንጋጌዎች እንዲስተናገድ አዋጁ አስቀምጧል። ብዙ ሠራተኛ ጭቅጭቅ ሽሽት ራሱ «ከዓመት ፈቃዴ ይያዝልኝ» ብሎ ይፈርማል። እባክዎ ይህን ያቁሙ፤ የዕረፍት ቀንዎን ከማሳጣቱ በላይ የሕመምዎ ታሪክ ከፋይልዎ እንዲጠፋ ያደርጋል።

መብቱ የሚሠራው ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፤ ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ።

አሠሪው ሕመሙን ሊያውቅ የሚችልበት ሁኔታ ከሌለ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ በቀሩ ማግስት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሕመሙ ሲነሳ የስልክ ብርሃን እንኳ ማየት እንደሚከብድ ይታወቃል። ስለዚህ አጭር መልእክት አስቀድመው ስልክዎ ላይ ጽፈው ያስቀምጡ፦ «ዛሬ ኅዳር 10 በማይግሬን ሕመም ምክንያት ሥራ መግባት አልቻልኩም። የሕክምና ማስረጃ ስመለስ አቀርባለሁ።» ቀኑን ብቻ እየለወጡ ለኃላፊዎ ይላኩ፤ ካልቻሉ የቤተሰብ ሰው ይላክልዎ። የጽሑፍ መልእክት ከስልክ ጥሪ የሚሻለው ቀንና ሰዓቱ ስለሚቀር ነው። የላኩትን አያጥፉ።

ብዙዎች የሚሸነፉት በማስረጃው ላይ ነው። ማይግሬን ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቶ የዋለ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ሲሻለው ነው። ያኔ ሐኪሙ «ትናንት አላየሁሽም» ቢል ትክክል ነው። ያለፈ ቀን እንዲጻፍልዎ አይለምኑ፤ በገንዘብ የሚገኝ የሐኪም ወረቀትም አይንኩ። ሐሰተኛ ማስረጃ ራሱን የቻለ የስንብት ምክንያት ይሆናል፣ በወንጀልም ያስጠይቃል። የሚሻለው በዕለቱ፣ ካልሆነም በማግስቱ ጠዋት ፈዘዝ ብሎዎት ሳለ ሄደው መመርመር ነው። ሐኪሙ ያየበትን ቀን፣ የነገሩትን የሕመም አጀማመርና የካርድ ቁጥርዎን ይመዝግብ። ድርጅቱ የኅብረት ስምምነት (ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈራረመው ውል) ካለውም ያንብቡት፤ ስለ ማስረጃ አቀራረብ ከአዋጁ የተለየ ነገር ሊይዝ ይችላል።

ከዕለት ወረቀቶቹ በላይ የሚጠቅመው ከሚከታተልዎ የነርቭ ሐኪም የሚወስዱት ዝርዝር የሕክምና መግለጫ ነው። «ራስ ምታት» ብቻ የሚል ወረቀት ማንንም አያሳምንም። በሕክምናው መስፈርት ሥር የሰደደ ማይግሬን የሚባለው ከ3 ወር በላይ፣ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራስ ምታት ሲኖርና ከእነዚህ ቢያንስ 8ቱ የማይግሬን ባሕርይ ሲኖራቸው ነው። እንግዲህ በወር 3 ቀን ብቻ የሚቀር ሰው ራስ ምታት ካለበት ቀን አብዛኛውን እያመመው ሥራ ገብቷል ማለት ነው። ይህ በመግለጫው ይጻፍ፤ የትጋትዎ ማስረጃ ነው። ሕመሙ ሲነሳ ለጊዜው መሥራት እንደማይቻል፣ ሲያልፍ ግን ሥራዎን በሙሉ አቅም እንደሚሠሩ፣ ሕክምናውም እየቀጠለ መሆኑ ይስፈር። ጠቅልሎ «መሥራት አትችልም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ግን ይመልሱትና ይስተካከል። አንቀጽ 28 በጤና ምክንያት የሥራ ግዴታውን ለዘለቄታው መወጣት ያልቻለን ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ፣ ማለትም የመሰናበቻ ጊዜ ሰጥቶ፣ ማሰናበት ይፈቅዳል፤ በርኅራኄ የተጻፈች አንዲት መስመር ለአሠሪው ማስረጃ ሆና ልታገለግል ትችላለች።

በዚያው መግለጫ የሥራ ቦታ ማስተካከያዎች ይጠቀሱ፦ ከሚርገበገብ መብራት መራቅ፣ የኮምፒውተር ብርሃን መቀነስ፣ በየሰዓቱ አጭር ዕረፍት፣ የምሳ ሰዓት አለመዝለል፣ ቋሚ የሥራ ፈረቃ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ማይግሬን በአዋጁ ትርጉም ውስጥ ይወድቃል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ጉዳዩን በዚህ ብቻ ማንጠልጠል ግን አልመክርም። ዋናው ምሰሶዎ የሕመም ፈቃዱ ይሁን። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158ም በሕመም ምክንያት ለጊዜው መቅረት በቂ የስንብት ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ለማስጠንቀቂያው ሳይውል ሳያድር በጽሑፍ ይመልሱ። የተባሉትን ቀኖች አንድ በአንድ ዘርዝረው ከጎናቸው ያሳወቁበትን መልእክትና የሐኪም ማስረጃ ይጥቀሱ፤ ማስረጃ የሌለውን ቀን ዝም ብለው አይለፉት፣ ምክንያቱን በሐቅ ይጻፉ። ማስጠንቀቂያው እንዲነሳና ከዓመት ፈቃድ የተቀነሰው እንዲመለስ ይጠይቁ። መዝገብ ቤት ሲያስገቡ ግልባጩ ላይ ቀን፣ ፊርማና ማህተም ያስደርጉ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። ሕመም በመሐል ቀን ሲነሳም ምክንያቱ የተጻፈበት የመውጫ ፈቃድ ሳይዙ ከበር አይውጡ። ስለ ማርፈድም ይጠንቀቁ፤ በ6 ወር 8 ጊዜ ማርፈድ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ ከሆነ ለብቻው ያሰናብታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቢያሰናብቱዎት፣ ምክንያቱ ሕጋዊ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የአሠሪው ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው በማለፉ) ይታገዳል፤ ድርጅቱን በሽምግልና ሲለምኑ ይህ ቀን እንዳያልፍብዎ። ክሱ የዳኝነት ክፍያ የለውም። ፍርድ ቤት ስንብቱን ሕገወጥ ካለው እስከ 6 ወር ከሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ጋር ወደ ሥራ እንዲመለሱ ሊወስን ይችላል። መመለስ ካልፈለጉ፣ ውልዎ ላልተወሰነ ጊዜ ከሆነ፣ የአማካይ ቀን ደመወዝዎ 180 እጥፍ ካሳና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለዎት፤ ለ4 ዓመት አገልግሎት የማስጠንቀቂያው ጊዜ 2 ወር ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ እዚህ የተሰጡት ቁጥሮች ለእነሱ አይሠሩም።