የጋሪ ፈረሴን ይዤ ባሌ ልውጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ነው። አባቴ ጋሪ ይነዳ ነበር። ከተማውን ባጃጅ ቢሞላውም እኛ ፈረሱን አልሸጥነውም። ለጥር ወር ከጓደኞቼ ጋር ዲንሾ ሄደን፣ ጫካው ውስጥ ድንኳን ተክለን፣ በፈረስ እየዞርን ጥቂት ቀን ልናድር አስበናል። ፈረሴን አይሱዙ ላይ ጭኜ ልውሰደው ወይስ እዚያ ልከራይ? ደግሞ 92 ኪሎ ነኝ። የባሌ ፈረስ ትንሽ ነው ይሉኛል፤ ይችለኛል?

መልስ፦ ፈረሱን ባለመሸጣችሁ ደስ ብሎኛል። ለዚህ ጉዞ ግን ቤቱ ይቆይ።

ሐዋሳ ያለችው 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ዲንሾ 3,100 ያህል ነው። ከዚያ ወደ ሳነቴ አምባ ስትወጡ 4,000 ታልፋላችሁ። የመጀመሪያው ቀን አንተ ራስህ ጫማህን ለማሰር ጎንበስ ብለህ ስትነሳ ታለከልካለህ። ፈረስም ያው ነው። ደሙ ከፍታውን እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል፤ እናንተ ያላችሁ ደግሞ ጥቂት ቀን ነው።

ሌላም አለ። የጋሪ ፈረስ ሥራ የለመደው በደረቱ እንጂ በጀርባው አይደለም። አስፋልት ያውቃል፣ የባጃጅ ክላክስ አያስደነግጠውም፤ ረግረግ ውስጥ እግሩ ሲሰምጥ ግን ግራ ይገባዋል። በዚያ ላይ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ያለውን መንገድ ሁሉ አይሱዙ ላይ ቆሞ እየተወዛወዘ መድረሱ አለ። ዝናቡ በቅርብ ያለፈ ከሆነ ደግሞ የአፍሪካ ፈረስ በሽታም ያሳስበኛል። በእንስሳት ጤና ሥራ ብዙ ዓመት ኖሬበታለሁ። በሽታውን የምታስተላልፈው እዚህ ግባ የማትባል ደቃቅ ነፍሳት ናት፤ ሞቃትና እርጥብ ቦታ ትወዳለች። ትኩሳት ውስጥ ውስጡን የጀመረው ፈረስ ለጉዞ ከተነሳ የመትረፍ ዕድሉ ያንሳል።

ስለዚህ እዚያው ተከራይ። ዲንሾ ስትደርሱ መንገድ ላይ «ፈረስ! ፈረስ!» የሚላችሁን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የመግቢያና የድንኳን ክፍያ የሚፈጸመው እዚያ ነው፤ አስጎብኚም ፈረስም የሚገኘው በዚያው በኩል ነው። የፈረሱ ዋጋና የባለፈረሱ የቀን አበል ብዙ ጊዜ ለየብቻ ስለሚታሰብ ሁለቱንም ጠይቁ። ስንቁን ይዞ ይመጣ እንደሆነም ጠይቁት። እናንተ ሥጋ ስትጠብሱ እሱ ዳር ላይ ቆሎ ሲቆረጥም ማየት ደስ አይልም።

ፈረሱ ሲመጣ ወዲያው አትቀመጥበት። ኮርቻውንና ከሥር ያለውን ልብስ እንዲያወርደው ባለፈረሱን በትሕትና ለምነው። መዳፍህን ከትከሻው ጀምረህ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ጫን እያደረግህ ወደ ኋላ ውሰደው። ጀርባውን ዝቅ ካደረገ ወይም ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛ፣ እዚያ ቦታ ላይ ቁስል አለ ወይም ሊወጣ ነው። ጸጉሩ ነጭ ሆኖ የበቀለበት ካለ ድሮ የቆሰለበት ነው፤ ያ አያስፈራም። እርጥብ ወይም ትኩስ ከሆነ ግን ሌላ ፈረስ አምጡ በል። ከዚያ ኮርቻው ከመመለሱ በፊት ልብሱን አራግፍ። አንዲት እሾህ ከሥር ከቀረች እስከ ማታ ድረስ ቆዳውን ትበላዋለች።

አሁን ወደ ኪሎህ። የባሌ ፈረስ በአገራችን ከተለዩት የፈረስ ዝርያዎች አንዱ ነው። አጭር ነው፤ ድንጋይ ላይ ሲረግጥ ግን እግሩን አትጠራጠረው። በፈረስ ሰዎች ዘንድ የሚሠራበት ልክ፣ ፈረስ ሰውየውንም ኮርቻውንም ጨምሮ የራሱን ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ይሸከም የሚል ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ 60 ኪሎ ይይዛል ማለት ነው። አንተ ከነኮርቻህ 100 ትጠጋለህ። ባለፈረሱ «ግዴለም፣ ይችላል» ይልሃል። ምን ይበል? ገበያው ነው።

ካለው ሁሉ ትልቁን ፈረስ ጠይቅ። ጓዝህን በሙሉ በሌላ አጋሰስ አስጭን። ሜዳው ላይ ተቀመጥ፤ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ውረድ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከመንገዱ ብዙውን በእግርህ ነው የምትሄደው። ይህ ካልተዋጠልህ ፈረሱ ጓዝ ብቻ ይያዝ፣ አንተ ከጎኑ ሂድ። ከወደ ዌብ ሸለቆ ስትደርስ እንዲያውም ቀይ ቀበሮ ለማየት በእግር ያለ ሰው ይሻላል።

ጥር ጥሩ መርጣችኋል፤ ደረቅ ነው። ሌሊቱ ግን ውርጭ ስለሆነ የሐዋሳ አንሶላ አያዋጣም፤ ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ያዙ። ትንሽ የጋዝ ምድጃም አትርሱ። አስታና ኮሶ ቆርጦ ማንደድ ክልክል ነው፤ ባይከለከልስ ያን ያህል ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ለአንድ ጀበና ቡና ማን ይቆርጣል? ከሐዋሳ የአሞራ ገደል ዓሣ በፌስታል ይዞ መሄዱም ይቅርባችሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ከሐዋሳ፣ አቶቴ ነኝ። እኔና ባለቤቴ ዘንድሮ ልጆቻችንን ይዘን በፈረስ ወጥተን ዲንሾ ጫካ ውስጥ ልናድር ነው። ሌሊት ፈረሶቹ የት ያድራሉ? ባለቤቴ ዛፍ ላይ እናስራቸዋለን ይላል። ጅብስ?

መልስ፦ ዛፉ ላይ በቀጥታ አትሰሩ። ፈረስ ሲሰለቸው ግንዱን ይዞራል፣ ሥሩን በኮቴው ይጭራል፣ ልጡን ይግጣል። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ደግሞ ይደርቃል። የኮሶ ልጥማ ድሮም በራሱ የሚቀረፍ ነው።

ጠንካራ ገመድ በሁለት ዛፎች መካከል ከሰው ራስ ከፍ አድርጋችሁ ወጥሩ። ገመዱ ግንዱን በሚነካበት ቦታ ጆንያ ጠቅልሉ። የፈረሱን ማሰሪያ እዚያ ገመድ ላይ እሰሩት። ማሰሪያው አፉ ሣሩ ጋ እስኪደርስ ይርዘም እንጂ እግሩን እስኪጠልፈው አይልቀቅ። ቋጠሮው አንዴ ሲሳብ የሚፈታ ይሁን፤ በጨለማ በቀዘቀዘ ጣት የጠበቀ ቋጠሮ መፍታት ቀልድ አይደለም። ቦታው ከወንዙ 60 ሜትር ያህል ይራቅ። ጠዋት ፋንድያውን በእንጨት በትኑት፤ ክምር ሆኖ ከቀረ ዝንብ ይሰበስባል።

ጅብ አለ። ለዚህም ነው ባለፈረሱ ከእንስሶቹ አጠገብ የሚተኛው፤ የእሱን ዘዴ አትቃወሙት። የፊት እግሮቻቸውን አስሮ ሊያሰማራቸው ቢፈልግም ቦታውን የሚያውቀው እሱ ነው። ፈረስ ከሰው በፊት ይሰማል። ሣር መጋጡን አቁመው፣ ሁሉም ጆሮአቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ካቆሙ፣ ባትሪ አብርቶ ያን አቅጣጫ ማየት ነው። ዲንሾ ላይ ብዙውን ጊዜ ብርሃኑ የሚያርፈው ኒያላ ላይ ነው፤ ልጆቹ ይወዱታል።

ጥያቄ፦ ውሻችንንስ ይዘን ብንሄድ? ጠባቂ ይሆነናል። (ይችው የአቶቴዋ እህት)

መልስ፦ አይሆንም። ፓርኩ አያስገባም፤ ልክም ነው። ቀይ ቀበሮን ከሚፈጁት አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ የእብደት በሽታ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ዌብ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ብዙዎቹን ጨርሷል። የተከተበ ውሻም ቢሆን ሌላ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል አይፈቀድም። ለጎረቤት የአጥንት መግዣ ስጪና ተዪላቸው።