‹‹ይቺን አድርስልኝ›› ሲሏችሁ

ልጆቼ፣ ደሴ ላይ ጥብቅና ቆሜ ነው ፀጉሬ የሸበተው። በመሬት የተጣላም፣ ዕዳ የተካደም ቢሮዬ ይመጣል። እንቅልፍ የሚነሱኝ ግን በሀሺሽ ተይዘው የሚመጡ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ሸጠው አያውቁም። ተልከው ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። 19 ዓመቱ ነው፣ የሚኒባስ ረዳት። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሰው ቦርሳ ሰጠው፤ ‹‹ደሴ ስትደርስ ተቀባዩ ይደውልልሃል›› አለው። የከፈለው ለአንድ ቦርሳ የማይከፈል ገንዘብ ነው። የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ፍተሻ ገጠማቸው። ከላይ የታጠፈ ሹራብ፣ ከሥር በፕላስተር የተጠቀለለ ሀሺሽ። እናቱ ቢሮዬ ስትመጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። ልጇ ሳይሞት ለቅሶ ተቀምጣለች።

‹‹የኔ አይደለም›› አለ ልጁ። እውነቱን ነው። ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ባለቤቱን ብቻ አይልም። ያመረተም፣ የያዘም፣ ያጓጓዘም፣ ያከማቸም፣ ደላላ የሆነም፣ የገዛም እዚያው ውስጥ ነው። መነሻው 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ እስከ 100,000 ብር መቀጮም አለበት። በቡድን ከተሠራ ደግሞ ይከብዳል። ቤቱን አውቆ ለዚህ ሥራ የሰጠም አይቀርለትም። መጠቀም ብቻውንም ያስቀጣል። ጫት ስለማይከለከል ሀሺሹንም እንደዚያ የምታዩ አላችሁ፤ ሕጉ ፊት በጭራሽ አንድ አይደሉም።

‹‹አላወቅሁም›› ማለትስ? በእርግጥ ሳያውቅ የያዘ ሰው መከራከሪያ አለው። ዳኛው ግን ይጠይቃል፦ ለምን ያን ያህል ተከፈለህ? የላኪውን ስም እንኳ ለምን አልጠየቅህም? እኔም ለእነዚህ መልስ አጥቼ ችሎት ላይ ቆሜ አውቃለሁ።

‹‹ገና 18 አልሞላኝም›› የምትሉም አትሳሳቱ። 15 ዓመት ካለፋችሁ የምትዳኙት በመደበኛው ሕግ ነው። ዳኛው ዕድሜያችሁን አይቶ ሊያቀልላችሁ ይችላል፣ ነፃ ግን አያወጣችሁም።

ስለዚህ ዕቃ ሲሰጣችሁ ሰውየው ፊት ክፈቱት። ካኮረፈ መልሱለት። ከተያዛችሁም አትሩጡ፣ አትታገሉ። ዝም የማለት መብት አላችሁ፣ ጠበቃ ጠይቁ። የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊያቀርቧችሁ ይገባል። ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተጻፈ ነው።

ነገሩ ውስጥ ገብታችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ለቤተሰብ ተናገሩ። ያ ረዳት ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አድርሶ ነበር። በሁለተኛው ጠርጥሯል። ለእናቱ ሊነግራት አስቦ ፈራት። አሁን ስንቅ ቋጥራ ወደ ማረሚያ ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ እንገናኛለን። ሰላምታውን ሳንጨርስ፣ ‹‹ምነው በነገረኝ ኖሮ!›› ትለኛለች።