በእጅ የተላለፈ ጨዋታ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ተወዛዋዥ «ጋሼ፣ ድሮ የተሠራ ውዝዋዜን መለወጥ ነውር ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኧረ አይደለም» ብዬ ልሸኛት ነበር። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ለሷም ለናንተም ይኸው ልጽፍ ተቀመጥኩ።

በወጣትነቴ ለንደን ውስጥ አንድ ባሌት፣ ቃል የሌለው የፈረንጅ የመድረክ ውዝዋዜ፣ አይቻለሁ። «ላ ፊይ ማል ጋርዴ» ይባላል፤ «በቅጡ ያልተጠበቀች ልጅ» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ እኛ ሰፈርም ያለ ነው። ሲሞን የምትባል መበለት ሴት ልጇን ሊዝን ለሀብታም የወይን እርሻ ባለቤት ልጅ ልትድር ቆርጣለች። ሙሽራው የዋህ ቢጤ ነው። ሊዝ ደግሞ ኮላ የሚባል ድሃ ገበሬ ወዳለች። እናት ልጇን ቤት ቆልፋባት ትወጣለች። ኮላ ግን አጫጆቹ ባስገቡት የስንዴ ነዶ ውስጥ ተደብቋል።

የሲሞንን ቦታ የሚጫወተው ወንድ ነው፤ ቀሚስ ለብሶ። ቁልፉን ይዞ ጥጥ መፍተያው ጋ ተቀመጠና እየፈተለ ያንጎላጅ ጀመር። ልጅት ቁልፉን ልትሰርቅ እጇን ስትልክ ብንን ይላል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አገሬ ገባሁ።

በምሠራበት ቴአትር ቤት አንድ አንጋፋ ነበሩ። ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የጀመሩ ሰው ናቸው። የእናት ቦታ የሳቸው ነበር። ልምምድ ሲያልቅ ነጠላ እናቀብላቸዋለን። እንዝርት የለ፣ ጥጥ የለ። በባዶ እጃቸው ጭናቸው ላይ ያሾሩትና ወደ ታች ይለቁታል፤ ክሩ ሲረዝም በዓይናችሁ ታያላችሁ። ልጃቸውን በዓይናቸው ጥግ እየጠበቁ፣ እንቅልፍ እያዳፋቸው፣ እየተሳደቡ፤ ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ። ጉንጫቸው ብቻ ነበር የሚሳደበው።

ይህ ይቀረፅ ብለን ቢሮ ጠየቅን። «ለቀረፃ የተያዘ በጀት የለም» ተባለ። ደግመን ጠየቅን፤ ያው ነው። እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። የእንዝርቱን አሿሿር ይዤዋለሁ። እንቅልፍ ሲጥላቸው አንገታቸው የሚወድቅበትን ሰዓት ግን ማንም አልያዘውም። እኔ ሳሳየው ማንም አይስቅም።

የዚያ ባሌት ነገር የሚያስቀናኝ ለዚህ ነው። የውዝዋዜ አቀናባሪው ዣን ዶቤርቫል መጀመሪያ ያቀረበው ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ከተማ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 1 ቀን 1789 ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፓሪስ ላይ ባስቲል የሚባለው እስር ቤት ተሰበረ፤ አብዮቱ ፈነዳ። አማልክትና ጀግኖች በሞሉት የባሌት መድረክ ላይ ሰውዬው ገበሬ አወጣበት። ሙዚቃው ሕዝቡ ከሚያውቃቸው ዜማዎች የተለቃቀመ ነበር። በ1791 ለንደን ገባ። በ1828 ፓሪስ ላይ ኤሮልድ አዲስ ሙዚቃ ሠራለት፤ በ1864 በርሊን ላይ ደግሞ ኸርተል ሌላ። በ1885 ጣሊያናዊቷ ቪርጂኒያ ዙኪ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ደነሰችው። እኔ ያየሁት እንግሊዛዊው የውዝዋዜ አቀናባሪ ፍሬድሪክ አሽተን በ1960 እንደ አዲስ የሠራውን ነው። የዶቤርቫል እርምጃዎች ጠፍተዋል። ሙዚቃውም ተለዋውጧል። ታዲያ መለወጥ ነውር ከሆነ ይሄ ሥራ ድሮ በሞተ ነበር።

አሽተን ግን ዝም ብሎ አልለወጠም። ታማራ ካርሳቪና ያኔ ለንደን ትኖር ነበር። የድሮው የሩሲያ ንጉሣዊ ባሌት ኮከብ ናት፤ ሰባውን አልፋለች። ሊዝ ብቻዋን የሆነች መስሏት የምትጫወተውን ትዕይንት በቃሏ ታውቀው ነበርና አሳየችው። ልጅቷ ሠርጓን ታልማለች። የሚወለዱ ልጆቿን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ትቆጥራለች። ይሄኔ ኮላ ከነዶው ውስጥ ብቅ! የምትገባበት ታጣለች። አሽተን በራሱ ሥራ መሃል ያንን የሴትዮዋን ትምህርት አስገባው። እስከ ዛሬም ይታያል።

የዛሬ ልጆች ነገር አንዳንዴ ያናድደኛል። የጎጃምና የወሎን እስክስታ ሳትለዩ ቀላቅላችሁ፣ ቢት ጨምራችሁ ቲክቶክ ላይ ትለቃላችሁ። መለወጥ ነውር አይደለም ያልኩት ሰውዬ አሁን ልቆጣ ነው፤ ታገሱኝ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እናንተ ቢያንስ በጀት አትለምኑም። ካሜራው ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ለውጪው። ግን አስቀድመሽ የሚያውቁት ሰው ዘንድ ሂጂ። ስትቀርጺ ፊታቸው ላይ ብቻ አትለጥፊ፤ እግርም ይግባ። ሙዚቃ ከላይ አትጫኚበት፤ ትንፋሻቸው ይሰማ፣ ሰዓቱ ያለው እዚያ ነው። ከተቻለ ሁለቴ ቅረጪ፤ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጀርባ። ከፊት ያየሽውን ስትለማመጂ ግራና ቀኙ ይገለበጥብሻል፤ ልምምድ ላይ የሚያግዝሽ የጀርባው ነው።