ድንበር ሲታረስ፣ ወንድም ሲሰደድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን የእርሻና የጎረቤት ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናል። በአብዛኞቹ ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ሰው አለ፦ ስሙ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ሆኖ እግሩ ማሳው ላይ የሌለ ባለይዞታ። አንዱ አረብ ሀገር ነው፣ ሌላው አዲስ አበባ።

ጥያቄ (ከሞጃና ወደራ)

ታናሽ ወንድሜ ሳዑዲ ከገባ አራት ዓመት አለፈው። መሬቱን በእኩል የሚያርስለት ሰው አለ። ዘንድሮ ሄጄ ሳየው አዋሳኙ ገፍቶ ገብቷል። እኩል አራሹ «እኔ ድንበሩን መቼ አውቄ» ይለኛል። ወንድሜ «ማንኛውንም ጉዳዬን እንዲያስፈጽም» የሚል ውክልና ልኮልኛል። ከስሼ ላስመልስ?

መልስ

ከመሬቱ በፊት ወረቀቱን ይዩት። እንዲህ ያለው ጠቅላላ ውክልና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት የሚያሠራዎ የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ማሳረስ፣ ምርት መረከብ፣ ግብር መክፈል። ለመክሰስ፣ ተከሶ ለመከራከር፣ ለመታረቅም ጭምር ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በመጨረሻዋ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ እርቅ ከወረደ በኋላ ባለመሬቱ ከጅዳ ደውሎ «እኔ አልተስማማሁም» ካለ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ ወንድምዎ ሌላ ውክልና ይላኩ። የማሳው መለያ ቁጥርና ቀበሌው ይጠቀስበት፤ «ስለ ወሰን መክሰስ፣ መከሰስ፣ መታረቅ፣ የኪራይ ውል መዋዋል» የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ ይጻፉበት። የሚፈርሙት ሪያድ ኤምባሲ ወይም ጅዳ ቆንስላ ቀርበው ነው። ሰነዱ እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ይህን ሳይጨርስ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ጊዜውንም ይቁጠሩ። «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ክስ በቁጥር 1149 መሠረት መሬቱ ከተነካበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። «ወንድሜ ሲመጣ ይየው» እያሉ ማቆየት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ማሳው። ድንበር በአንድ ቀን አይገፋም። በሬዎቹ ወሰኑን ተከትለው ሲሄዱ ማረሻው የድንበሩን ሣር ይነካል፤ ለጤፍ ከግምሳ (ከመጀመሪያው እርሻ) ጀምሮ አራት አምስት ጊዜ ስለሚታረስ በዓመት አንድ ስንዝር ቢሄድ አያስገርምም። ስንዝሩን 20 ሳንቲ ሜትር ብንል በ5 ዓመት 1 ሜትር ይሆናል፤ ወሰኑ 80 ሜትር ከረዘመ የተወሰደው 80 ካሬ ሜትር ነው። ጤፍ በሄክታር 15 ኩንታል ቢሰጥ ከዚህ ቁራጭ የሚታፈሰው 12 ኪሎ ነው። ይተዉት ማለታችን አይደለም፤ ካልተያዘ ከርሞም ይቀጥላል። ግን ለ12 ኪሎ ጤፍ ስንት የመኪናና የጠበቃ ገንዘብ እንደሚያወጡ ክሱን ከመክፈትዎ በፊት ያስሉ። የገጠር መሬት ሕጉም ቢሆን በቅድሚያ የሚመራው ወደ ውይይትና ሽምግልና ነው።

ሽማግሌ ሲጠራ ደብተሩ ይቅረብ፤ ግን ደብተር ሁሉ እኩል አይናገርም። የአንደኛ ደረጃው አራቱን አዋሳኞች በስም ይጠቅሳል፣ ስፋቱን በግምት ይሰጣል፤ መስመሩ የት እንደሚያልፍ አያሳይም። የሁለተኛ ደረጃው ካርታ አለው፤ በብዙ ቦታ ግን ካርታው የተሠራው ከአየር በተነሳ ፎቶ ላይ ስለሆነ የማሳውን ቅርጽ እንጂ ስንዝሯን አይዳኝም። ስልክ ይዞ «ጂፒኤሱ ይኸው» የሚል ጎረምሳም አይጠፋም፤ የእጅ ስልክ ከ3 እስከ 5 ሜትር ስለሚስት ለ1 ሜትር ጠብ ምስክር አይሆንም። የሚያዋጣው ሜትር ነው። የማይንቀሳቀሱ ሁለት ነገሮች ይምረጡ፤ ትልቅ አለት፣ የቤት ማዕዘን፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር ግንብ። ሽማግሌዎቹ የተስማሙበት የወሰን ጫፍ ከሁለቱም ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካና ይጻፍ። ነገ ድንጋዩ ቢነቀል በሁለቱ ልኬት ነጥቡ ተመልሶ ይገኛል።

ድንጋዩ ቢያንስ ክንድ ያህል ይቀበር፤ ከሥሩ ከሰልና የገል ስባሪ ይጨመር። ከሰል አይበሰብስም። ድንጋዩን ያነሳ ሰው ከሰሉን ለማንሳት አያስብም። በድንጋዮቹ መካከል በየ5 ሜትሩ እሬት ቢተከል በሬም ፍየልም አይነካውም።

በስምምነቱ ላይ ልኬቶቹ፣ ቀኑ፣ የሦስት ምስክሮች ፊርማ፣ ድጋሚ ቢገፋ የሚከፈለው መቀጮ፣ አሁን ያለውን ሰብል ማን እንደሚያጭድ ይስፈር። የሰብሉ ነገር ከተረሳ አዲስ ጠብ ነው፤ የዘራው ዘንድሮን ይጨድና ከግምሳ በፊት ይልቀቅ ቢባል ይሻላል። ሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ጋ ይቀመጥ። ከእኩል አራሹም ጋር ውልዎን ያድሱ፤ ወሰን የመጠበቅ ግዴታ ይግባበት፣ ድንጋዮቹንም በእግሩ አዙረው ያሳዩት። ያላሳዩትን ድንበር ጠብቅ ማለት አይቻልም።

ጥያቄ (ከአንጎለላና ጠራ)

ጎረቤቴ አዲስ አበባ ሲገባ ማሳውን በሙሉ ባህር ዛፍ ተክሎት ሄደ። የእኔ ገብስ ከድንበሩ ወዲህ አሥር እርምጃ ያህል ቀጭጮ ይቀራል። ምን ላድርግ?

መልስ

ባህር ዛፍ የተሰደደ ሰው ሰብል ነው፤ በሬ አይጠይቅም፣ አረም አይጠይቅም፣ ባለቤቱ በአምስት በሰባት ዓመቱ መጥቶ ይሸጣል። ስለዚህ «ንቀልልኝ» ብለው ቢጀምሩ በር ይዘጋብዎታል። የሚሰማው ጥያቄ «ለድንበሩ የቀረቡትን ሁለት ረድፎች በሚቀጥለው ቆረጣ አውጣልኝ፣ ዳግም እንዳያቆጠቁጡ ልጠብቅ» የሚለው ነው። ነጭ ባህር ዛፍ ተቆርጦ አይሞትም፤ ጉቶው በወራት ውስጥ ቅርንጫፍ ያበዛል። ከመሬት አስጠግቶ መቁረጥና የሚወጣውን ለምለም በየሁለት ሦስት ወሩ ማራገፍ፣ ወይም ጉቶውን ከነአንገቱ ቆፍሮ ማውጣት ያስፈልጋል።

ጉዳቱ ከሥሩ ነው ወይስ ከጥላው? ይህን ይለዩ። ዛፉ ከማሳዎ በስተደቡብ ከሆነ ጥላውም አለበት፤ በእኛ አገር ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ገብሱ ፍሬ የሚሞላውም ያን ጊዜ ነው። በኅዳር እኩለ ቀን የ10 ሜትር ዛፍ ጥላ 5 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይገባል፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ ይረዝማል። ዛፉ በስተሰሜን ሆኖ ገብሱ ከቀጨጨ ግን ጥፋተኛው ሥሩ ነው።

ለሥሩ በራስዎ መሬት ውስጥ፣ ወሰኑን ተከትለው 1 ሜትር ጥልቀትና 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ይቆፍሩ። ከግንዱ ከ2 ሜትር ባነሰ ርቀት አይቁረጡ፤ በአንድ ጎኑ ሥር ያጣ ዛፍ በነፋስ ሲወድቅ የሚወድቀው በእርስዎ ላይ ሊሆን ይችላል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ በየ10 ሜትሩ ያልተቆፈረ መቋረጫ ይተዉ፤ አለዚያ ቦዩ ክረምቱ ሳይወጣ ቦረቦር ይሆናል። ሥሩ በዓመት በሁለት ዓመቱ ከሥር ዞሮ ስለሚመለስ ቦዩ በየጊዜው መጠረግ አለበት። ይህ ሁሉ ተደርጎም ለድንበሩ የቀረበው ቁራጭ ለገብስ ካልሆነ ለድርቆሽ ሣር ይልቀቁት። ከመቆፈርዎ በፊት ለጎረቤትዎ መደወልዎን አይርሱ፤ ሥሩ መቆረጡን ከሌላ ሰው አፍ ከሰማ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ጥያቄ (ከእነዋሪ)

ከላይ ያለው ጎረቤቴ ልጆቹ ሲሰደዱ ማሳውን አከራየ። ተከራዩ ቦዩን ሁሉ ቁልቁል ከፍቶ ውሃው ስንዴዬ ላይ ይተኛል። ተከራዩ «በራሴ ማሳ ነው» ይላል።

መልስ

በጅሩ ጥቁር አፈር መደብ (በቦዮች መካከል ከፍ ብሎ የሚዘራበትን) በእጅ ማውጣት የቤተሰብ ሥራ ነው፤ ልጅ ሲሄድ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። ተከራይ ደግሞ ለፍጥነት ቁልቁል ይስባል። የውሃውን ብዛት ለሽማግሌ በቁጥር ያስረዱ፦ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ጥማድ ላይ (ሩብ ሄክታር ብንለው) 75,000 ሊትር ነው። ግማሹ እንኳ ቢፈስ ባለ 200 ሊትር በርሜል 187 ማለት ነው፤ በአንድ ከሰዓት።

መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ደህና ነው፤ ችግሩ አቅጣጫውና መውጫው ነው። ቦዮቹ ተዳፋቱን አግድም ይሂዱና በወሰኑ ላይ በሚቆፈር የጋራ ፈሰስ ይገናኙ። ፈሰሱ በ100 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ብቻ ይውረድ፤ በዓይን አይገመትም፣ ውሃ በሞላ ግልጽ የጎማ ቱቦ ይለካ። ከዚህ በላይ ከወረደ አፈር ይቆርጣል፤ ከዚያ ካነሰ ደለል ይደፍነዋል። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ሜትር ትለቃላችሁ፣ ሰርዶ ይለብሳል፣ ማረሻ አይነካውም። መድረሻው የተፈጥሮ መውረጃ እንጂ የሦስተኛ ሰው ማሳ አይሁን። ሥራው ሰኔ ከመግባቱ በፊት ካላለቀ ለዘንድሮ አልፏል። ተከራይ ስለሚቀያየርም የቦዩ አቅጣጫ በኪራይ ውሉ ላይ እንዲጻፍ ባለመሬቱን ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ የታሪክ መምህር)

አየርላንዶች ወጣቱ በገፍ ሲሰደድ ገጠሩ በመሬት ጠብ ታምሶ ነበር ይባላል። ከእኛ ጋር ምን ይመሳሰላል?

መልስ

ስደቱ ከእኛው እጅግ ይከፋል። ረሃቡን ያመጣው የድንች በሽታ በ1845 እ.ኤ.አ. ገባ፤ በ1841 8.2 ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ በ1851 6.6 ሚሊዮን፣ በ1911 4.4 ሚሊዮን ሆነ። ከረሃቡ በፊት በምዕራቡ ክፍል የአንድ ቤተሰብ መሬት በብዙ ቁርጥራጭ ተበትኖ ከጎረቤት ጋር የተሰባጠረ ነበር፤ አጥር የለውም፣ የጠቡም ምንጭ ይኸው ስብጥር ነው። ኋላ ባለርስቶቹ፣ ከ1891 ወዲህም ለዚሁ የተቋቋመ የመንግሥት ቦርድ፣ ማሳውን ወደ አንድ ገጽ እየሰበሰቡ ደለደሉት።

እኛ መሬቱን ለልጆች እናካፍላለን፤ እነሱ ከረሃቡ በኋላ ለአንድ ልጅ ብቻ መስጠት ያዙ፣ ሌሎቹ አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ገቡ። ከዚያ የሚላከው ገንዘብ የመሬት ኪራይና የተከታዩን ልጅ የመርከብ ዋጋ ይከፍል ነበር። ይህ ለመንዝና ለይፋት ሰው ማስረዳት አያሻውም። ጉልበት ያጣው ሽማግሌ ወይም ባሏ የሞተባት ሴት መሬቱን ለ11 ወር ያከራዩ ነበር፤ ዓመት ያልሞላው ተከራይ የይዞታ መብት እንዳያነሳ ነው። ጉዳቱ፣ ለ11 ወር የያዘ ሰው አጥር አይጠግንም፣ ቦይ አይጠርግም። የእነዋሪው ጠያቂያችን ተከራይ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሁለተኛው ጠብ ጎረቤት የተነቀለበትን መሬት ደፍሮ በሚይዝ ሰው ላይ ነበር። የመሬት ማኅበራቸው በ1879 ተመሠረተ፤ በ1880 ፓርኔል የተባለው መሪ እንዲህ ያለውን ሰው በዱላ ሳይሆን በመገለል ቅጡት አለ፤ ሰላም የሚለው አይኑር፣ የሚሸጥለትም አይኑር። በዚያው ዓመት በማዮ የባለርስት ወኪል የነበረው ካፒቴን ቦይኮት ላይ ተፈጸመ። ሰብሉን የሚሰበስብለት ጠፍቶ 50 ያህል ሰዎች በወታደርና በፖሊስ ታጅበው መጡ፤ 500 ፓውንድ ለሚያወጣ ሰብል 10,000 ፓውንድ ገደማ እንደወጣ ይነገራል። የሞጃው ጠያቂያችን 12 ኪሎ ጤፍ ትዝ ይበላችሁ።

መጨረሻው ግን ይለያያል። እዚያ በ1903ቱ ሕግ ገበሬው መሬቱን ከባለርስቱ ገዛ፤ ዕዳውን ለመንግሥት በ68 ዓመት ተኩል ይከፍላል ተባለ። እዚህ በእኛ አቆጣጠር የየካቲት 1967ቱ አዋጅ መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ገበሬው የያዘው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ የእነሱ ስደተኛ ድርሻውን ለወንድሙ ሽጦ መቁረጥ ይችላል፤ የእኛው መሸጥ አይችልምና ከሪያድ ሆኖም ባለይዞታ እንደሆነ ሊቀጥል ይችላል።

ጥያቄ (ከመንዝ)

እረኛ ጠፍቶ የጎረቤት በግ ገብሴን በላው። ካሳው እንዴት ይገመታል?

መልስ

በጉ አምልጦ ቢሆንም ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 ይህን ይላል። ገማቾች በዕለቱ ይግቡ፤ አንድ ዝናብ ኮቴውን ያጠፋዋል። የተበላው ስፋት በሜትር ይለካ፣ ዳሩ በችካል ይያዝ። ከዚያ አንድ የተበላ አገዳ ሰንጥቀው ይዩ፤ አንጓ ካልጀመረ ማደጊያው ገና መሬት ሥር ነውና ገብሱ ዝናብ ካገኘ ያገግማል። አንጓ ጀምሮ ከተቀነጠበ ያ አገዳ አለቀ። የሚያገግመውን እንደ ሙሉ ጥፋት የገመተ ሽማግሌ በአጨዳ ጊዜ ከበጉ ባለቤት ጋር ይጣላል። ስለዚህ ቡቃያ ከሆነ ዛሬ ስፋቱ ብቻ ይጻፍ፤ ሲደርስ ከተበላው ሦስት ቦታ፣ ካልተበላውም ሦስት ቦታ አንድ አንድ ካሬ ሜትር ታጭዶ ይወቃና ይመዘን። ልዩነቱ በስፋቱ ተባዝቶ ካሳው በገብስ ይከፈል።